ከኋላ የገባው ብርሃን

ነሲባ፣

ካሜራው አልተሰበረም፤ አልጋሽ ላይ ነው። ቤቱን አጨልሜ፣ የሌንሱን ክዳን ገጥሜ፣ ሹተሩን ረጅም ጊዜ ከፍቼ የስልኬን መብራት ዙሪያውን አዞርኩበት፤ ፎቶዎቻችንን ያበላሸው ቀይ መስመር ክዳኑ ተገጥሞም ወጣ። ብርሃን የምታስገባው ከኋላ ያለችው፣ ዓይናችንን የምናስጠጋባት መስኮት ናት።

አመሻሽ ላይ ጊዮርጊስ አደባባይ ካነሳናቸው ፎቶዎች ቀይ መስመር የወጣባቸው፣ ታይመር ሞልተን ሮጠን አብረን የቆምንባቸው ብቻ ናቸው። ከካሜራው ኋላ ማንም አልነበረማ።

አንቺ ነሽ የጣልሽው ብዬ መጮሄን…
ተይው። አንቺም የመለስሽልኝን አልረሳሁም።

ጥቁር ፕላስተር መሳቢያው ውስጥ አለ። ታይመር ስትሞይ መስኮቷ ላይ ለጥፊው።

እኔ ስድስት ኪሎ እህቴ ቤት ልገባ ነው። ቁልፌን አከራያችን እማማ መይሙና ጋ ትቻለሁ።

ብቻሽን ስታነሺ ፕላስተሩ አያስፈልግሽም። የራስሽ ዓይን ይከድናታል።

ኢልሀም