ያላየነው የላይኛው ሐይቅ

ውድ ዓይናዲስ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከላሊበላ በላይ፣ ተራራው ላይ ካለች ትንሽ ሐይቅ ዳር ሆኜ ነው። እንደ ሐዋሳችን ጀልባና ሙዚቃ የለም፤ የራስሽን ትንፋሽ ትሰሚያለሽ።

ዛሬ ወደ ላይኛው ሐይቅ ስንወጣ ከቡድናችን በዕድሜ ትልቁን፣ ጋሽ ሙሉሰውን፣ ከፍታው ራሳቸውን አዞራቸው። "እናንተ ሂዱ፤ እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ" አሉ። አስጎብኚያችን ግን "አሁኑኑ መውረድ አለብዎት" አላቸው። ሐይቁ ከፊታችን ካለው ጉብታ ጀርባ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ መሄድ ፈልጌ ነበር። ጓደኛችን ፅናት ሻንጣቸውን በራሷ ሻንጣ ላይ ደርባ ቁልቁል መውረድ ጀመረች። ሁላችንም ተከተልናት።

አሁን ተሽሏቸው "ምነው ሳታዩት ቀራችሁ?" እያሉ ይቆጡናል። ፅናት "እርስዎን ጥለን ምን እናያለን?" ስትላቸው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። የእትዬን ጉልበት ሳሚልኝ። በጣም ናፍቀሽኛል።

እድላዊት