ማንጎው የጋረደው ዝናብ

በጎረቤቶቼ ዘንድ «አባ ሚሊሜትር» የምባል፣ የውኃ ቧንቧ ሠራተኛ የነበርኩ፣ ሚስቴ የሞተችብኝ ሽማግሌ፣ ይህን ቃሌን ያስጻፍኩት የመጀመሪያው የዝናብ ደብተሬ በተከፈተ በሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ ሐምሌ 14 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው። ሳንባዬ ደክሟል፤ አእምሮዬ አልደከመም። የተጠራጠረ ካለ ትናንት ስንት ሚሊሜትር እንደዘነበ ይጠይቀኝ። ያስገደደኝ የለም፤ እንዲያውም ተው ያሉኝ ይበዛሉ።

ነፍሴን ለፈጣሪዬ አደራ ሰጥቻለሁ። ለቀብሬ ብዙ አትድከሙ፤ ከሚስቴ አጠገብ ይበቃኛል።

አንደኛ፤ ከፊት ያለው ቤት ከነዕቃው ለታላቋ ልጄ ይሁን። እናቷ ስትታመም ሥራዋን ትታ ያስታመመቻት እሷ ናት። ሹፌሩ ወንድሟ በዚህ እንዳያኮርፍ። በዚያን ጊዜ የት እንደነበረ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ይቅር ብዬዋለሁ፤ ግን አልረሳሁትም።

ሁለተኛ፤ ከልብስ ሰፊው ጎረቤቴ የተዋስኩት መሰላል ይመለስለት። ሰባት ዓመት ሆኖታል።

«ስምንት!» አለ ልብስ ሰፊው፣ ከመድኃኒት ቤቷ ባለሙያና ከአናጺው ጋር ለምስክርነት ከተቀመጠበት።

ስምንት ተብሎ ይታረም። እኔ የምቆጥረው ዝናብ ነው።

ሦስተኛ፤ ይህ ዋናው ስለሆነ ጸሐፊው ቀስ ብሎ ይጻፍ።

የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የዝናብ መለኪያውን ግቢዬ ውስጥ ሲተክል፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንብቤ በደብተር እንዳሰፍር አስተማረኝ። በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት ደብዳቤ መጣ። በጀት ስለሌለ ጣቢያው ተዘግቷል፣ ዕቃውን መልስ ይላል። ኑና ውሰዱ ብዬ ጻፍኩላቸው። መምጫ ነዳጅ አልነበራቸውም። እኔም ማንንም ሳላስፈቅድ ማንበቤን ቀጠልኩ፤ ልጄን በዳርኩበት ጠዋት እንኳ አላስታጎልኩም። ሹፌሩ ልጄ «አባዬ፣ ዝናቡ የፈጣሪ ነው፣ አንተን ምን ያስለካሃል?» ይለኝ ነበር። ሰጪው እሱ ከሆነ የተቀበሉትን ማወቅ ምስጋና ነው፣ ድፍረት አይደለም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሚስቴ ሕመሟ ሲጀምራት ከመለኪያው አራት እርምጃ ላይ ማንጎ ተከለች። የመሥሪያ ቤቱ አሠልጣኝ፣ ዛፍ ካለ መለኪያው የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ይራቅ ብሎኝ ነበር። እሷን ግን «እዚህ አትትከይ» ማለት አቃተኝ። እሷ ካረፈች በኋላ ዛፉ ተንሰራፋ፤ ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ቅርንጫፉ የመለኪያውን አፍ ጋርዶታል። መለኪያውን ካንቀሳቀስኩት ደግሞ ምክንያቱን ደብተሩ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። አላንቀሳቀስኩትም፣ አልጻፍኩምም። ለዛፉ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። ስጸልይ ግን እውነቱ ይመጣብኝ ነበር፤ ለስሜ ነው። አባ ሚሊሜትር ተሳሳተ እንዳይባል።

አምና አንዲት ተመራማሪ በአውቶቡስ መጣች። የእሷም ጥናት ገንዘቡ አልቆ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ደብተሮቼን ገጽ በገጽ በስልኳ አነሳች። «አባባ፣ በዚህ በኩል ያልተቋረጠው የእርስዎ ደብተር ብቻ ነው። የወደፊቱን የምንተነብየው ያለፈውን ይዘን ነው። አዲስ ጣቢያ መትከያ የለንም» አለችኝ። ቀጥላም «ከስምንት ዓመት ወዲህ ዝናቡ በአንድ አምስተኛ ቀንሷል፤ በትንበያው እናስገባዋለን» አለች። የቀነሰው ሰማዩ ይሁን ማንጎው አላውቅም ነበር። አፌን ዘግቼ ከዚያው ዛፍ ማንጎ ቆርጬ አበላኋት። ጣፋጭ ነው አለች። እስከ ዛሬ ያንን ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል።

ስለዚህ የዚህ ኑዛዜ አንድ ቅጂ ለእሷ ይላክ። ባለፈው ሳምንት ከቧንቧና ከቆርቆሮ በገዛ እጄ ሁለተኛ መለኪያ ሠርቻለሁ፤ የአፉ ስፋት ከአሮጌው ጋር አንድ ነው። ግልጥ በሆነው የግቢው መሐል ተተክሏል። ሹፌሩ ልጄ ሚኒባሱን የሚያቆምበት ነው፤ ከእንግዲህ ውጭ ያቁም።

ልጄ ከበሩ ሆኖ «ዛፉን ቆርጠን ለምን አንገላገልም?» አለ።

«ዘጠኙን ዓመት የት ታደርሰዋለህ?» አልኩት። «ዛፉ ከሄደ ምን ያህል እንደሰረቀ ማን ይነግረናል?»

«እና ሌባውን እየቀለብን እናኑረው?» አለ ልብስ ሰፊው።

ሁለት ዓመት! ሁለቱም መለኪያዎች ጎን ለጎን ለሁለት ዓመት ይነበቡ። ልዩነታቸው ሲታወቅ ያለፈው ይታረማል። ለዚህ የማንም በጀት አያስፈልግም፤ ሁለት ዓይንና ጠዋት መነሣት ይበቃል። በጀት የለም ያሉኝ ሁሉ ይህን ይስሙ።

ግቢውንና የጓሮውን ክፍል ለሹፌሩ ልጄ ሰጥቻለሁ፤ ሁለቱን ዓመት ራሱ ካነበበ ነው። ያላነበበውን ቀን ባዶ ይተወው። ገምቶ እንዳይሞላ፤ የዘነጋ ይቅር ይባላል፣ የፈጠረ ወይም የደበቀ ግን እንደኔ ዘጠኝ ዓመት እንቅልፍ ያጣል። ካላነበበ ግቢው ለእህቱ ይሁን። ከሁለት ዓመት በኋላ ዛፉን መቁረጥ አለመቁረጥ የእነሱ ፈንታ ነው። እኔ ብሆን አልቆርጠውም።

ጸሐፊው ይህን መልሶ እያነበበልኝ ሳለ ሦስት ሰዓት ሆነ። እግሬን ከአልጋው ላወርድ ስል ልጄ «ተኛ፣ አባዬ» ብሎ ወጣ። ሁላችንም ጠበቅነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ተመለሰ።

«አሮጌው ዘጠኝ ነጥብ አራት። አዲሱ አሥራ አንድ ነጥብ ስምንት።»

«ጎንበስ ብለህ በዓይንህ ትክክል አየኸው?»

«ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ነው ያየሁት። ሚኒባሱንም አውጥቼዋለሁ።»

ይህም ይጻፍ፤ የዛሬው ልዩነት አንድ አምስተኛ ያህል ነው። እንግዲህ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ አባ ሚሊሜትር (ፊርማ)

ቃሉን ከአንደበቱ ሰምተን፣ ሲነበብለትም አብረን ሆነን የፈረምን፦
ልብስ ሰፊው ጎረቤት (ፊርማ)
የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ (ፊርማ)
አናጺው (ፊርማ)
ጸሐፊው (ፊርማ)

የዕለቱ ዝናብ አንባቢ፦ ሹፌሩ ልጅ (ፊርማ)