እትዬ ኮሌታና ከእናታችን የወረሱት እንቅርት

ደንበኞቻቸው «እትዬ ኮሌታ» የሚሏቸው ልብስ ሰፊዋ እህታችን፣ ከባቡር ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ሆነው ከስድሳ አንድ ዓመት በፊት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ የሚስተካከላቸው አልነበረም፤ ሆኖም እናታችን ሲታመሙ ትምህርቱን አቋርጠው በእናታችን የስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ።

እናታችን አንገታቸው አብጦ፣ ተቅማጥ አልለቅ ብሏቸው፣ ከስተው አረፉ። በቀብራቸው ቀን ግን «በልብ ድካም» ተብሎ ተነበበ። እንቅርት በዘራቸው አለ ከተባለ ሴቶቹን ማን ያገባል ተብሎ ነው። የእህታችን ዝናና ስምም የመጣው ከዚሁ ነው፤ የአክስቶቻችንን ያበጠ አንገት የሚሸፍን ቀጥ ያለ ረጅም ኮሌታ ሲሰፉ፣ ሰው አዲስ ፋሽን መስሎት ለደህና አንገቱ ያሰፋ ጀመር።

በሃያ አራት ዓመታቸው ከአናጺ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። መጋዙና የስፌት መኪናው በአንድ ቤት ሲጮኹ ያደጉት ልጆች እስከ ዛሬ ቀስ ብሎ ማውራት አያውቁም።

በአርባዎቹ ዕድሜያቸው የእሳቸውም አንገት አበጠ። ሐኪም ቤት የወሰዷቸው ታላቅ ወንድማችን ናቸው። ሐኪሟ «ከቤተሰብ እንዲህ ያመመው ሰው አለ?» ብላ ስትጠይቅ፣ እህታችን አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ወንድማችን «የኛ ዘር ንጹሕ ነው!» ብለው መለሱ። በዚህች ቃል የተነሳ ሕመሙ እንደ ተራ እንቅርት ተቆጥሮ እህታችን ለዓመታት ኪኒን ሲውጡ ኖሩ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ያልሰማ ማን አለ?

በመጨረሻ እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ የአንገት ዕጢ (የታይሮይድ) ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ጉበታቸው ጋም ደርሶ ነበር። የዘረመል ምርመራው ደግሞ ከወላጅ የሚወረሰው ዓይነት መሆኑን አሳየ። ጉድለቱ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው። ቀድሞ ከታወቀ ግን ካንሰሩ ሳይጀምር ዕጢውን አውጥቶ መዳን ይቻላል። እህታችን የተበላሸውን ዘረመል ሥራ የሚገታ መድኃኒት ጀምረው ወደ ስፌታቸው ቢመለሱም፣ ዘግይቶ ነበርና አላዘለቃቸውም። ልጆቻቸው ተመረመሩ፤ ወንዱ ነጻ ሆነ፣ ሴቷ ተገኘባትና ዕጢዋ በጊዜ ወጥቶ ይኸው በጤና በመካከላችን ቆማለች። እኔም ተመርምሬ ነጻ ነኝ። ታላቅ ወንድማችን ግን ሴት ልጃቸው ታጭታለችና ወሬው እንዳይወጣ ብለው እሳቸውም ልጆቻቸውም አልተመረመሩም። እህታችን ትንፋሽ እያጠራቸው እንኳ የለመኑት እንዲመረመሩ ነበር።

በቤታችን ወግ የሟችን ታሪክ የሚያነበው ታላቅ ወንድም ነው፤ ስለዚህ ይህን ሁሉ ያነበቡላችሁ እሳቸው ናቸው። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ላይ እንዳይዘሉ፤ ጽሑፉ በሰው ሁሉ እጅ አለ።

እህታችን ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውንና ይህን የጻፍኩትን ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። የደከመች ነፍሳቸውን አምላክ በደጉ ስፍራ ያሳርፍልን።

ቀጥሎ ያለው የእርስዎ ቃል ነው፣ ጋሼ። ድምፅዎን ከፍ ያድርጉት፦

«ልጆቼ፣ ነገ ጠዋት ለምርመራው አብረን እንሄዳለን፤ ቀድሜ ደም የምሰጠውም እኔ ነኝ።»