ሥልሳ አንድ ሰኞ፦ ስለ ጨው ሒሳብ ባለሙያችን ዕረፍት

ለጣቢያው ሠራተኞች፣ ለማኅበራችን አባላት፣ ለቤተሰቡና ለሚመለከተው ሁሉ፦

ይህን መግለጫ የሚጽፈው የማኅበሩ ጸሐፊ ዘጠኝ ዓመት የደበቀው ጥፋት ስላለበት ከሐዘኑ በፊት እሱን ያስቀድማል። የአንደኛው ጉድጓድ ንባብ መዝጋቢ በነበርኩ ጊዜ፣ ለሥልሳ አንድ ሰኞዎች ያለማቋረጥ፣ የግፊት መለኪያውን ከማንበቤ በፊት አሥር በርሜል ንጹህ ውኃ ወደ ጉድጓዱ እለቅ ነበር። በመዝገቡ ላይ አላሰፈርኩትም። «ጉድጓዱን የነካው ሰው አለ?» ተብዬ ስጠየቅም «ማንም አልነካውም» ብያለሁ። የጠየቁኝ፣ ዛሬ ዕረፍታቸውን የምናስታውቃቸው እህታችን ናቸው።

የጣቢያችን የሠራተኞች ማኅበር፣ በሞዴል ክፍል ለአሥራ ስምንት ዓመታት ያገለገሉት፣ ሁላችንም «እትዬ ጨው» እያልን የምንጠራቸው ከፍተኛ ባለሙያ ባደረባቸው ሕመም ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ማለዳ ማረፋቸውን በከባድ ሐዘን ያስታውቃል።

የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ለሊቀመንበራችን፣ ለዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ፣ አሳየኋቸው። የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር ነው?»

«በእሳቸው ላይ የተወሰነውስ የተለጠፈው የት ነበር?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «በል ይውጣ። ግን የእሳቸውን ሥራ ጻፍ እንጂ ስለ ራስህ እያለቀስክ ገጹን እንዳትጨርሰው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሥራቸው ይኸውና።

በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመታቸው፦ ጣቢያችን ከፋብሪካ ጭስ የተለየውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከምድር በታች፣ ጨዋማ ውኃ ባዘለ አሸዋማ ድንጋይ ውስጥ ማስቀመጥ ሲጀምር፣ ሁሉም የሚያስበው ጋዙን ወደ ታች ስለ መግፋት ነበር። ስለ ጨው ያሰቡት እሳቸው ናቸው። ደረቁ ጋዝ በጉድጓዱ ዙሪያ ባለው ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ውኃውን ያተንነዋል፤ ውኃው ሲሄድ ጨው ይቀራል፤ ጨው በድንጋዩ ቀዳዳዎች ሲጠራቀም የጋዙን መንገድ ይዘጋል። ለእኛ ለመስክ ሰዎች ሲያስረዱ «ቤታችሁ ሂዱና የማንቆርቆሪያችሁን ሆድ እዩ። ያ ነጭ ነገር ነው የኔ እንጀራ» ይሉን ነበር። «እትዬ ጨው» የሚለው ስም የወጣላቸው ያን ቀን ነው፤ ሲሰሙት ከኛ ይልቅ የሳቁት እሳቸው ነበሩ።

በሦስተኛው ዓመት፦ ጉድጓዱንና ዙሪያውን በኮምፒውተር ላይ አርባ ሺህ ሳጥኖች አድርገው ከፋፈሉት። ከጉድጓዱ የራቁት ሳጥኖች የአንድ ክፍል ያህል ሲሆኑ ከግድግዳው የተጠጉት የጣት ስፋት እንኳ የላቸውም። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ስንት ውኃ፣ ስንት ጋዝ፣ ስንት ጨው እንዳለ በየሰዓቱ እያሰላ ለጎረቤቱ ሳጥን የሚያቀብል ፕሮግራም ጻፉ። አንዱ ስሌት እስኪያልቅ አራት ቀን ይፈጅ ነበር። የማሽኑ ክፍል በከሰዓት ፀሐይ ስለሚግል፣ ልብስ ሰፊ የሆኑት ባለቤታቸው ከተራረፈ ጨርቅ የሰፉትን መጋረጃ ሰቀሉለት። መጋረጃው አሁንም አለ፤ አንዱ ቁራጭ ባለ አበባ፣ ሌላው ባለ መስመር ነው።

በስምንተኛው ዓመት፦ ሞዴል የምንለው ያ ፕሮግራም ትንበያውን ሰጠ። በአራተኛው ወር ግፊቱ መውጣት ይጀምራል፤ ዓመት ሲሞላ ጋዙ መግባት ያቅተዋል። ጣቢያው ይህን ለመፈተን በአንደኛው ጉድጓድ ላይ የአሥራ አራት ወር ሙከራ ፈቀደ። በየሳምንቱ ሰኞ ንባቡን እንዲመዘግብ የታዘዘው ይህን የሚጽፈው ሰው ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ሙያውን ያገኘሁት በውኃ ጉድጓድ ላይ፣ አሁን ጡረታ ከወጣው የድሮው ፎርማን ነው። «መርፌው የሚንቀጠቀጠው ቆሻሻ ስላለ ነው፤ መጀመሪያ እጠብ፣ ከዚያ አንብብ» ብሎ አስተምሮኝ ነበር። ለውኃ ጉድጓድ ትክክል ነበር። እኔም ሚዛን ከመመዘኑ በፊት ሳህኑን እንደሚጠርግ ነጋዴ፣ ቱቦውን ገጥሜ፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው አሥር በርሜል ለቅቄ፣ መርፌው ቀጥ ሲል አነብ ነበር። የንባብ ቅጹ ላይ «ታጥቧል» የሚባል ቦታ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ የተጠራቀመውን ጨው ሰኞ ጠዋት እያሟሟሁ ወደ ድንጋዩ እንደምመልሰው አላወቅኩም። እስከዚህ ድረስ አለማወቅ ነው፤ ለዚህ ራሴን አልከስም።

የምከሰው ከዚያ በኋላ ላለው ነው። በሙከራው አሥረኛ ወር፣ አንድ ሰኞ፣ እሳቸው ራሳቸው ወደ ጉድጓዱ መጡ። መዝገቡን ገልጠው በጣታቸው ቁጥሮቹን ወረዱባቸው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ንባብህ እኮ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ነው። አንዲት መጨማደድ የለውም።»

«ምን ላድርግ እትዬ፣ እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ጉድጓዱን የነካው ሰው አለ?»

«ማንም አልነካውም።»

ቱቦው ከኋላዬ ተጠቅልሎ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት፣ ያለ ፈቃድ ጉድጓድ የነካ ወደ ሩቁ ጣቢያ ይዛወራል የሚል ደብዳቤ ደርሶናል። ባለቤቴ እዚህ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። የዋሸሁት፣ ብዛወር አጠገቧ ማን ይቀመጣል ብዬ ነው። እሳቸው እጄን ጨብጠው፣ «እንግዲያው ስህተቱ ከኔ ነው» ብለው ሄዱ።

በዘጠነኛው ዓመት፦ ገምጋሚው ኮሚቴ «ሞዴሉ ከመስክ ንባብ ጋር ስለማይጣጣም ለዲዛይን አያገለግልም» ሲል ወሰነ። ውሳኔው ይህ መግለጫ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ ሁለት ወር ተለጥፎ ከረመ። በምሳ ሰልፍ ላይ «እትዬ ጨው፣ ዛሬስ ድንጋዩ እንዴት ነው፣ ጨው አነሰው?» ያላቸው ሰው ነበር፤ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እሳቸው ሳህናቸውን ይዘው «ድንጋዩስ ደህና ነው፤ እኔን ነው የጎመዘዘኝ» አሉና ቁጭ አሉ።

ያን ዓመት ሞዴላቸውን ከኔ ንባብ ጋር ለማስማማት፣ የጨውን ጉልበት ወደ ምንም የሚያወርድ አንድ ቁጥር በፕሮግራሙ ውስጥ ለማስገባት ተገደዱ። ከቁጥሩ ጎን ማስታወሻ ጻፉ፦ «ይህ የገባው ከንባቡ ጋር ለማስማማት ብቻ ነው። ምክንያቱ አልታወቀም።»

ያንኑ ዓመት ባለቤቴ አረፈች። እትዬ ጨው ሦስቱንም ቀን ቤቴ መጥተው ከሴቶቹ ጋር ብርጭቆ አጠቡ፤ ስለ ጉድጓድ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሰበቤ ተቀበረ። ዝምታዬ ግን ቤቱን ለምዶ ቀረ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት፦ የጨው መከማቸትን የሚያስወግድ መላ አቀረቡ። መላው ጉድጓዱን በየሳምንቱ በንጹህ ውኃ ማጠብ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ እሰማ ነበር። እኔ በእጄ ሥልሳ አንድ ጊዜ የሠራሁትን እሳቸው በወረቀት ደርሰውበታል። ኮሚቴው ምን አለ? «በመስክ ንባብ ያልታየ ጨው ምኑ ይታጠባል?» ብሎ መለሳቸው። መድኃኒቱ እንደሚሠራ ማስረጃው በጄ ነበር፤ በሽታው እንደሌለ የመሰከርኩትም እኔው ነኝ።

የዚያን ቀን ተነሥቼ መናገር ነበረብኝ። አልተነሣሁም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቢሯቸው በር ላይ ደርሼ፣ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ጠይቄ ተመልሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ወረቀት ሰጥተውኛል። በየማለዳው ለጸሎት ስቆም «በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁትን» እያልኩ በጅምላ አሳልፈዋለሁ። እግዚአብሔር ግን በጅምላ የሚቀበል አልሆነልኝም፤ ያቺን ሰኞ ለይቶ ይጠይቀኛል።

ከአሥራ ሁለተኛው እስከ አሥራ ሰባተኛው ዓመት፦ ዘጠኝ ባለሙያዎችን አሠልጥነዋል፤ የሞዴሉን መመሪያ በቀላል ቋንቋ ጽፈዋል፤ በየዓመቱ ያ ቁጥር እንደገና እንዲመረመር ደብዳቤ አስገብተዋል። ስድስት ደብዳቤ ነው። ስድስቱም «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ብቻ ተደርጎባቸው በፋይላቸው ውስጥ ይገኛሉ። ማኅበራችንም ቢሆን አንድ ጊዜ እንኳ አጠገባቸው አልቆመም፤ የጽሑፍ ሥራውን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ጉዳዩ አጀንዳ ሆኖ እንዳይያዝ አድርጌአለሁ። ዘንድሮ ሊቆፈሩ የታሰቡት ሦስት ጉድጓዶች ያለ ማጠቢያ መስመር የተነደፉት በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርተው ነው።

ማኅበራችን ለሐዘን መግለጫ የሚጠቀምበት ቅጽ «የላቀ አስተዋጽኦ» የሚል ቦታ አለው። የላቀው ይህ ሞዴላቸው ነበር፤ የዘጋሁባቸውም እኔ ነኝ። ሌላ የምሞላበት ነገር የለኝም።

ይህ ከመለጠፉ በፊት ወደ ባለቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እግራቸውን ከመርገጫው ሳያነሡ መኪናውን አቆሙ።

«በእንቅልፏ ሳይቀር ከዚያ ቁጥር ጋር ትጨቃጨቅ ነበር» አሉኝ። «እኔ ደግሞ፣ አንቺ ሴትዮ ተይው፣ ተሳስተሽ ይሆናል፣ እላት ነበር። እኔም እኮ አላመንኳትም።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«የኔ ይቅርታ ምን ያደርግልሃል? የእሷን አስተካክል። ከዚያ ትመጣለህ።»

ማኅበራችን ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለሞዴል ክፍል ባልደረቦቻቸውና ላሠለጠኗቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል፤ ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በቅዱሳኑ አጠገብ ያሳርፍልን። ስለ ራሳቸው ግን «በትክክለኛ ሥራቸው እንደተሳሳቱ ተቆጥረው አረፉ» ከማለት ሌላ የሚያጽናና ቃል አላገኘንም።

ሰኞ ጠዋት የድሮውን መዝገብ ከግምጃ ቤት አውጥቼ ከሥልሳ አንዱ ንባብ አጠገብ «ከንባቡ በፊት አሥር በርሜል ንጹህ ውኃ ገብቷል» ብዬ በቀይ ጻፍኩ፤ በእያንዳንዱም ፈረምኩ። ቅጂውን ለኃላፊውና ለኮሚቴው አስገባሁ። መዝገቡን ወደ ሞዴል ክፍል ወስጄ፣ ከእሳቸው ጋር አንድ ጠረጴዛ ትጋራ ለነበረችው ባለሙያ ሰጠኋት። ፊቴን ሳታይ ገልጣ አነበበች። «ዘጠኝ ዓመት?» አለችኝ። «ዘጠኝ ዓመት» አልኳት። ያንን ቁጥር አወጣች፤ ሥልሳ አንዱን እጥበት በየሰኞው አስገባች፤ ስሌቱን አስነሣች።

ያ ማሽን ዛሬም አራት ቀን ይፈጃል። ዓርብ ጠራችኝ። በመስኮቱ ላይ ያ የተቀጣጠለ መጋረጃ ተሰቅሏል። የእትዬ ጨው ሞዴል ያወጣው መስመር በኔ ንባብ ላይ፣ ከመጀመሪያው ሰኞ እስከ መጨረሻው፣ ተኝቶበታል። ሳይታጠብ ቢቀር ኖሮ የሚሆነውንም አሳየችኝ፤ መስመሩ በአራተኛው ወር ሽቅብ ወጣ።

ከዚያ ማስታወሻው ያለበትን ቦታ ከፍታ ከወንበሩ ተነሣችልኝ። «አንተው ጻፈው» አለችኝ።

የኮምፒውተር ፊደል አላውቅም፤ አንድ በአንድ እየፈለግኩ በአንድ ጣቴ ነው የጻፍኩት። «ምክንያቱ አልታወቀም» የሚለውን አልሰረዝኩም፤ የእሳቸው እጅ ነውና። ከሥሩ ግን ይህን ጨመርኩ፦ «ምክንያቱ ታውቋል። ጉድጓዱን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ሲጠይቁኝ ዋሽቻቸዋለሁ። ሒሳቡ ትክክል ነበር።»