ራህመት አራስ ሳለች

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ልጁ ደህና ነው። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው። ያሲን ደህና ነው፣ ጡጦውን ጠብቶ ተኝቷል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። አራሷ ልጄ ራህመት መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት እጇን ጭኗ ስር ቀብራ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። አልጋው ላይ ልጅ የለም።

"ያሲንስ?" አልኳት።

"ሰሚራ ይዛው ወጣች?" ዓይኗን ከግድግዳው አላነሳችም።

ሰሚራ ታናሿ ናት፤ ለካ ገና ከትምህርት ቤት አልገባችም። ሮጬ ወጥቼ ጎረቤታችንን እትዬ ብርቄን ጠየቅኋቸው። "ልጅ ይዞ የወጣ ሰው አላየሁም" አሉኝ። ተመልሼ ራህመትን ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኋት። ያኔ ሰማሁት። የታፈነ ለቅሶ፣ ከጓዳ፣ ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ የሚመስል።

ጎታው ውስጥ ነበር። አዲሱ ስንዴ ስላልገባ ባዶ የሆነው ጎታ ውስጥ፣ ክዳኑ ተደፍቶበት። ገና አርባ ቀን ያልሞላው ልጅ!

እንዴት እንዳወጣሁት አላስታውስም። ፊቱ በርበሬ መስሏል። ደረቴ ላይ ለጥፌው ስጮህ ራህመት ጓዳው በር ላይ መጥታ ቆመች። ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እማ፣ አታውጪው።"

ያረቢ! ይህቺን ልጅ እኔ ነኝ የወለድኳት?

ባሌ ሁሴን ከሱቁ ሲመጣ ነገርኩት። እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ያለው፦ "ለማንም እንዳትናገሪ።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

አሞኛል ብዬ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ውሸትም አይደለም።

ከሰሞኑ ያየሁትን፣ አይቼም ያላየሁ መስዬ ያለፍኩትን ልጻፍ። እንቅልፍ የላትም፤ ልጁ ሲተኛም አትተኛም። ገንፎውን ታሸተዋለች እንጂ አትቀምሰውም። "ማን ነው የሠራው?" ትላለች፣ እኔ እዚያው ፊቷ እያገነፋሁ። የልጁን ስም አትጠራም። ባለፈው "ይኼ ልጅ የማን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሳቅሁ!

ለጠየቀኝ ሁሉ "አራስ ናት፣ ደክሟት ነው" እያልኩ ነው የከረምኩት። ጂዳ ሦስት ዓመት የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራ የመጣች ልጅ ናት። ልጅ መያዝ ማን እንደ እሷ! ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች እያልኩ ነበር።

ሁሴን ጅን ነው ይላል። ሽንት ቤት ስትሄድ ብቻዋን ለቃችኋታል፣ ብረት ሳትይዝ ወጥታለች እያለ ይቆጣኛል። ሸሁ ዘንድ ሄዶ ዱአ አስደርጎ መጣ። ዱአው ይሁን፣ አሚን ብያለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ ልጁን አዝዬ ከእሷ ጀርባ ጀርባ ስዞር ዋልኩ። የገዛ ልጄን እንደ ሌባ እየጠበቅኋት።

ለማንም ያልነገርኩት ሌላ ነገር አለ። እኔም ጤና የለኝም። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ቆሜ እሳት ከደረቴ ይነሳና ጆሮዬ ድረስ ይወጣል። በዚህ ውርጭ ላብ ያጠምቀኛል። በሆነው ባልሆነው አለቅሳለሁ። የተማሪዎቼ ስም ይጠፋብኛል። የወር አበባዬ ከራቀኝ ቆይቷል። አእምሮዬን ልስት ነው መሰለኝ እያልኩ ነበር በሆዴ። አሁን እሷ እንዲህ ስትሆን፣ ከእኔ የወረሰችው ቢሆንስ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ሁሴን አትናገሪ ቢልም ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የደም ግፊቴን ልለካ ነው ብዬ ነው የወጣሁት። የተረኛዋ ነርስ ሲስተር እመቤት ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ክንዴ ላይ መለኪያውን ጠቅልላ "ቲቸር፣ ምን ሆነዋል?" ስትለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጎታውን ጭምር። ትጮሃለች፣ ፖሊስ ትጠራለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። በሩን ዘጋችና "ዛሬ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ፤ የልጁን ክትባት ልይ ብዬ" አለች።

መጣችም። ራህመት አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኛ ቤት ውስጥ ማንም ያልጠየቃትን ጠየቀቻት።

"ልጁን ስታዪው ምን ይታይሻል?"

ራህመት ሁለት እጇን አየች። ከዚያ በለሆሳስ፦

"እጄ ይታየኛል። እጄ አንገቱ ላይ። አድርጊው የሚለኝ ድምፅ አለ፤ ጋደም ስል ይመጣል፣ ስነሳም አይሄድም። እኔ አልፈልግም። ወላሂ አልፈልግም።"

"ጎታው ውስጥ ከማን ደበቅሽው?"

"ከእኔ።"

ይህን ስሰማ ልጁን እንዳቀፍኩ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ።

ሲስተር ጓዳ ገብታ ጎታውን አየችው። ከስሩ የራህመት ጋቢ ታጥፎ ተነጥፏል፤ ያን ለት አላስተዋልኩትም። ክዳኑም ግጥም እንዳይል፣ አየር እንዲገባ ጠርዙ ላይ ጭራሮ ታስሮበታል። "ቲቸር፣ ልትገድለው አልነበረም" አለችኝ። "እንዲተርፍ ነው ያስቀመጠችው። ግን ይኼ ከባድ በሽታ ነው፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ። ይድናል። እቤት ተቀምጦ ግን አይሆንም። ደሴ ሆስፒታል ውሰዷት፣ እስከዚያ ለብቻቸው አትተዋቸው። ደግሞ እየተቆጣችሁ አትጠብቋት፤ አጠገቧ ሁኑ።"

ይድናል አለች። ሌላውን ሁሉ ረሳሁት፣ ያቺ ቃል ቀረች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ከሁሴን ጋር ተጣላን። በሠላሳ ዓመት ትዳር እንዲህ ድምፄን ከፍ አድርጌበት አላውቅም።

"ደሴ የእብድ ሐኪም ዘንድ ወስጄ ላስመዝግባት? ባሏ ቢሰማ ያኖራታል? አገሩስ ምን ይላል?" አለ።

"አገሩ ልጁን ጎታ ውስጥ ቢያገኘውስ ምን ይል ነበር?" አልኩት።

ይህን ስንባባል ራህመት ከመደቡ ተነስታ መጣች። አባቷ ፊት ቆማ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ "አባ፣ መቀሱን ከቤት አውጣልኝ" አለችው።

ሁሴን ልብስ ሰፊ ነው። መቀሱ ሁልጊዜ መስኮቱ ላይ ነው የሚቀመጠው። መቀሱን አየ፣ እሷን አየ። ፊቱ አመድ ሆነ። መቀሶቹን፣ ቢላዎቹን፣ የእኔን ምላጭ ሳይቀር ሰብስቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሱቁ ወሰደው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። "በጧቱ አውቶቡስ እንሄዳለን" አለ። ይኼው ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ አገሩ ቃል አልተነፈሰም።

ሰሚራን እትዬ ብርቄ ዘንድ አደራ አልኩ። "አብሽሪ፣ እኔ እያለሁ ስለሷ አታስቢ" አሉኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ያወቁ ይመስለኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ደሴ ነን። አቀስታ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ራህመት ልውረድ ብላ ታገለችን። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። ሁሴን ክንዷን ይዞ "አይዞሽ፣ አባትሽ ነኝ፣ አባትሽ ነኝ" ሲላት ነበር መንገዱን ሁሉ። ይኼ ሰውዬ እንዲህ ለስላሳ ቃል እንዳለው አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ብዙ ጠየቃት። ከዚህ በፊት እንዲህ ሆነሽ ታውቂያለሽ? ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል? "አዎ" አለች ለሁለተኛው። ወንበሩን ጨብጬ ያዝኩ። አደጋው ለልጁ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከሰፈራችን በታች ገደል እንዳለ፣ ሽንት ቤት ብላ ስንት ጧት ብቻዋን እንደወጣች አሰብኩ።

አስተኟት። መድኃኒት ተጀመረ። ጡት ለጊዜው ተከለከለች። ልጁን ይዤ እኔ አብሬ እቀመጣለሁ፣ ሁሴን ዘመድ ቤት ያድራል።

እሑድ፣ ኅዳር 16

ተኛች። ከስንት ጊዜ በኋላ እውነተኛ እንቅልፍ። እየሄድኩ ትንፋሿን አዳመጥኩ።

ከሰዓት ሰሚራ በእትዬ ብርቄ ስልክ ደወለች። ታለቅሳለች። "እማ፣ እኔንም ያዘኝ።"

"ምን ያዘሽ?"

"የራህመት በሽታ። ደም እየፈሰሰኝ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ። ልሞት ነው?"

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አፌን ይዤ ቀረሁ። እኔ ሰባተኛ ክፍል ባዮሎጂ የማስተምር ሴት ነኝ። ያንን ምዕራፍ፣ ወንዶቹ መሳሳቅ ሲጀምሩ፣ በፍጥነት አንብቤ አልፈዋለሁ። ቤቴ ውስጥ ደግሞ ከነአካቴው አንስቼው አላውቅም። ልጄ ሁለት ቀን ሙሉ ልሞት ነው ብላ ብቻዋን ተኮራምታ ሰንብታለች።

እዚያው ቆሜ ነገርኳት፣ የሚያልፈው ሰው እየሰማኝ። በሽታ አይደለም፤ አድገሽ ነው፤ እኔም በአንቺ ዕድሜ አይቼዋለሁ። እትዬ ብርቄ ጨርቅ ይስጡሽ፣ አትፈሪ። ሰማችኝና "ራህመትም እንዲህ ነበረች?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ለምን አልነገራችሁኝም?"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

ሰይድ ደወለ፣ ባሏ። ከባድ መኪና ይዞ ጅቡቲ መስመር ላይ ነው። ለእናቱ ማን እንደነገራቸው እንጃ፤ ልጁን አምጡ፣ እኔ አሳድገዋለሁ ብለዋል። ሁሴን ስልኩን ተቀብሎ "ልጁ ከእናቱ አይለይም። ሚስትህን ልታይ ከፈለግክ ደሴ ና" ብሎ ዘጋው። እኔ እስካሁን ደንግጬ ነው ያለሁት። ያ ሰው ነው ይህን ያለው?

ዛሬ ከታማሚዎቹና ከአስታማሚዎቹ ጋር እየተቀመጠች የምታወራ አማካሪ መጣች። ስለ ራህመት ጠይቃኝ ስትጨርስ "እርስዎስ?" አለችኝ።

እኔስ? እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለ እሳቱ፣ ስለ ላቡ፣ ስለ እንባው ነገርኳት፤ አብዳለሁ ብዬ መፍራቴንም። አልሳቀችም። የወር አበባ ሲቆም የሚመጣ ነው፣ ብዙ ሴት ያልፍበታል፣ እብደት አይደለም፤ ቢበዛብዎ መፍትሔ አለው አለችኝ። የሃምሳ ዓመት ሴት፣ ሐኪም ቤት ወንበር ላይ፣ እንደ ሰሚራ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ከዚያ ራበኝ። ሁለት እንጀራ በላሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

ትናንት ከሆስፒታል ወጣን፤ እዚያው ደሴ የሁሴን አክስት ልጅ ዘንድ ነን። ሐኪሙ ለክትትል ተመለሱ ብሏል። መድኃኒቱ ያደነዝዛታል። ምላሷ ይያያዛል። ግን ትበላለች። ድምፁ ጠፍቷል ወይ ስላት "ርቋል" አለችኝ። ጠፍቷል አላለችም።

ሰይድ ሁለት ጊዜ ደውሏል። አልመጣም። ይመጣ እንደሆን አላህ ያውቃል።

ዛሬ ጧት ያሲንን አጥቤ ሳበቃ "ስጪኝ" አለች። ሰጠኋት፤ እኔም አጠገቧ ቆምኩ። አቀፈችው። ፀጉሩን አሸተተችው። "ያሲን" አለችው፣ አፏን ሞልታ። ሁሴን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ጥቂት ቆይታ ቀና አለችና አየችኝ። "እማ፣ ፈራሁ። ውሰጅልኝ።"

ተቀበልኳት። አልተቆጣኋትም፣ ያዢው ብዬም አልለመንኳትም። እንዲህ በይ ብሎ የነገራት የለም፤ ራሷ ናት ያለችው። ልጁን አዝዬው አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እሷም ጭኔ ላይ ራሷን አሳርፋ ተኛች። እግሬ ደንዝዟል። እንዳላነቃት ብዬ አልተነሳሁም።