የሚስተር ሩፈስ ፎቶ ከአውቶቡሱ ላይ እንዲነሳ

ለተከበሩ ሚስተር ኮርትላንድ ፔንድልበሪ
የፔንድልበሪ ቤተሰብ ፋውንዴሽን ፕሬዚዳንት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሐይቁ ዳር ቤትዎ በሙሉ ጤንነት፣ በጥሩ እንቅልፍና በተከፈተ የምግብ ፍላጎት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከወንዙ ማዶ ባለው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ለአረጋውያን ምሳ የሚያቀርበው ማኅበር የቦርድ ሰብሳቢ ነኝ። ዘንድሮ የመንግሥት ድጋፍ በዓመቱ አጋማሽ ሲቋረጥብን እጅዎን ስለዘረጉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ማውጣቴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ ወደ ቢሮዎ በላክሁ ቁጥር «የእርስዎ ድምፅ ለእኛ ክቡር ነው» የሚል መልስ ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ይደርሰኛል። ይህን ያህል ፈጥኖ የሚያነብ ሰው በሕይወቴ ገጥሞኝ አያውቅም።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ፋውንዴሽንዎ ያስለጠፈው የሚስተር ሩፈስ ቲልማን ፎቶግራፍ ከከተማው አውቶቡስ ጎን ላይ ይነሳ። ሰውየው በዚያ ፎቶ ምክንያት ምሳ መምጣት ትቷል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል፣ ስኳር አለበት፣ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚቀምስ የሚያውቅ የለም። ነገሩ ወደዚህ እንዴት እንደደረሰ፣ በልጅነቴ በማስመሪያ እየተመታሁ እንደተማርኩት፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ፋውንዴሽንዎ ለአዲስ ሐሳብ እንጂ ለነባር ሥራ እንደማይረዳ በትሕትና አስታውቆናል። ረሃብ ነባር መሆኑ የእኛ ጥፋት ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጃችን ማርላ ዴንት የአትክልት ሾርባችንን በማመልከቻው ላይ «ማኅበረሰብ አቀፍ የፈጠራ ሙከራ» ብላ ጻፈችው፤ እኔም አንብቤ ፈረምኩ። ሾርባው ያው የድሮው ሾርባ ነው። እርስዎ በንግግርዎ «ፈር ቀዳጅ» ካሉት ወዲህ ግን ካሮቱ ሳይቀር ኮርቷል።

ሁለተኛ፤ ልዑካንዎ ሊጎበኙን የመጡ ዕለት ጠዋት፣ የማኅበራችን ሴቶች በእጃቸው የጠለፉትን የጠረጴዛ ልብስና የአበባውን ማስቀመጫ ሁሉ ሰብስበን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍንበት። በዚህ ከተማ ማኅበር የሚመራ ሰው ሁሉ ይህን ያደርጋል። ማርላ «በጣም ካማርን አይሰጡንም፤ በጣም ከተጎሳቆልን ደግሞ አያምኑንም፤ መሐል ላይ እንሁን» አለችኝ። ሚስተር ሩፈስ ሲገባ ራቁቱን የቀረውን ጠረጴዛ አይቶ፣ ወደ እኔ ዞሮ «ምነው ኦገስታ፣ ቤቱ ተዘረፈ ወይስ ሀብታም ሊመጣ ነው?» ቢል፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የሳቅሁት ያን ዕለት ነው።

ሦስተኛ፤ ሚስተር ሩፈስ በነጻ በልቶ አያውቅም። ከአውቶቡስ ሾፌርነቱ ጡረታ ወጥቶ ወደ እኛ ከመጣ ጀምሮ፣ ምሳ እንደበላ ሽርጥ ታጥቆ የሁሉንም ሳህን ያጥባል፤ ሳህን ካላጠበ ምሳው አይረጋለትም። እንግዶችዎ ሲገቡ እጁ እስከ ክርኑ ሳሙና ነበር። ልዑካኑን የመራችው ወጣት በጨዋ አንደበት «እኝህ አባት ሽርጡን ቢያወልቁልን ጥሩ ነበር፤ እንዲህ ሆነው ሠራተኛ ነው የሚመስሉት፤ እኛ የምንፈልገው ተረጂ ሰው ነው» አለች። ማርላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያለውን አውቄዋለሁ፤ ክረምቱ ነበር፣ ማሞቂያው ነበር፣ የወጥ ቤት ሠራተኞቹ ደመወዝ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ቁጥሩን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ቀጥሎ የሚመጣው የእርስዎ ጥፋት አይደለምና። የሽርጡን ቋጠሮ ከወገቡ ላይ የፈታሁት እኔ ነኝ።

«ኧረ ሳህኑ አላለቀም» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ግድ የለም፣ ሌላ ሰው ይጨርሰዋል» አልኩት። ከጠረጴዛው አንድ ጥግ አስቀመጥነው። ከገንዳው እንፋሎት ፊቱ ወርዝቶ ስለነበር በመዳፉ አበሰው፤ ፎቶ አንሺያችሁ ያገኘው ያችን ቅጽበት ነው። የዕቃ ማጠቢያው ውኃ በእናንተ እጅ እንባ ሆነ። ከሥሩም «ማንም አልነበረውም። ዛሬ እኛ አለንለት።» ተብሎ ተጻፈበት። ውኃን ወይን ጠጅ ያደረገ አንድ እንደነበር ተምሬአለሁ፤ እጣቢን እንባ ያደረገ ግን የእርስዎ ፋውንዴሽን የመጀመሪያው ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎ።

ፎቶው የተለጠፈው ሚስተር ሩፈስ ጡረታ እስኪወጣ በነዳው ባለ ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ላይ ነው። ይህን ታስቦበት ነው ብዬ አላማሁም፤ ምንም እንዳልታሰበበት አውቃለሁና። ጸጉር ቤት ሲገባ የድሮ ባልደረቦቹ «ሩፌ፣ ስንት ዘመን ውስጡ ተቀምጠህ ስትነዳው ኖረህ፤ ዛሬማ ላዩ ላይ ወጣህበት!» ብለው ተሳሳቁበት። እሱም አብሮ ሳቀ አሉ። ክሊቭላንድ ያለችው ሴት ልጁ ግን አልሳቀችም። በየቀኑ ማታ የምትደውልለት ልጅ ናት። «አባዬ፣ ማንም የለኝም አልካቸው? እኔ ማንም ነኝ?» አለችው። አላልኩም ቢላት አላመነችውም፤ ፊቱን በእንባ ታጥቦ አይታዋለቻ!

ቤቱ ድረስ ምሳ ይዤ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጎ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሚስ ኦገስታ፤ በልቻለሁ። ደግሞ ፎቶ አንሺው የታል? ዛሬ ብቻዎን ነው የመጡት?» አለኝ። ሳህኑን እንደያዝኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ ቦርዱን ሰበሰብኩ። ፎቶው የስጦታው ውል አካል ስለሆነ፣ ስጦታውን መልሰን ፎቶውን እንድናስነሳ አሳብ አቀረብኩ፤ ማርላም አልቅሳ ተስማማች። ለሚስተር ሩፈስ ልነግረው በኩራት ተመልሼ ሄድኩ። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተውና እንዲህ አለኝ፦ «ሌሎቹን ታዲያ ምን ሊያበሏቸው ነው? መጀመሪያ የድሃ ምልክት አደረጉኝ፤ አሁን ደግሞ በእኔ ሰበብ ሰው ጦሙን ይዋል? እንዳያደርጉት!»

አላደረግነውም። ገንዘብዎን ይዘናል፣ ሾርባውም ይፈላል፤ በየዕለቱም ባለ ዘጠኝ ቁጥሩ አውቶቡስ በደጃችን ያልፋል። ስለዚህ በእጄ የቀረ መሣሪያ የለም፤ የቀረው ያለ ውልና ያለ ማካካሻ፣ ነውር ስለሆነ ብቻ፣ አንድ ሰው ልከው እንዲያስነሱት መለመን ነው። ልመናን ከእናንተ ጋር በቆየሁባቸው ወራት ተምሬዋለሁ፤ ስላስተማሩኝም አመሰግናለሁ።

ለቸርነትዎ ከፍ ያለ አክብሮት ያላት፣ ለራሷ ግን ጥቂት ብቻ የቀራት፣ ታዛዥዎ

ኦገስታ ክሊንግማን
የቦርድ ሰብሳቢ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ዓመታዊ መጠይቃችሁ ደርሶናል። «በስጦታችን የስንት ሰው ሕይወት ለወጣችሁ?» ለሚለው «የአንድ» ብለን ሞልተናል። ወደ ምን እንደተለወጠ የሚጠይቅ ቦታ ግን ወረቀቱን ብገላብጠው አጣሁ።