ኢምንት ያልካት ስንጥቅ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታውን በስልክ ስለጨረስነው በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። በእማዬ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ያለችውን ስንጥቅ ታውቃታለህ። የዛን ሰሞን ስትመጣ መዳፍህን አሳረፍክባት፣ ቶሎ አነሳህና "ኢምንት ናት" ብለህ ወጣህ። አንተ ፎርማን ነህ፤ ስንት ፎቅ አቁመሃል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ስለ ግድግዳ የማውቀው የለም። ግን እጅህን ያነሳህበት ፍጥነት ከቃልህ ጋር አልገጠመልኝም።

የሠፈራችንን ግንበኛ አማከርኩት። "ስንጥቁ ላይ አግድም ጄሶ ለጥፍበት" አለኝ። "ግድግዳው እየሄደ ከሆነ ጄሶው ይሰነጠቃል። ካልሆነ ለጥ ብለህ ተኛ።" ለጠፍኩ። በየጠዋቱ አያለሁ፤ ጄሶው ደህና ነው። በስልክ ስነግርህ ሳቅክብኝ። "አላልኩህም? አንተ ልጅ እኮ ከጥላህ ጋር ትጣላለህ!"

እሺ። ግን የክፍሏ በር አልዘጋ አለ። መስኮቱም ተጣበቀ። ጄሶው ብቻ ደህና። አላማረኝም። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት አንተን ነው። ቁልፍ አለህ፣ የጄሶ ሥራ ታውቃለህ፣ እኔ በሌለሁበትም ብቅ ብለህ እንደነበር ከጎረቤት ሰምቻለሁ።

ትናንት ጄሶው ላይ ጉንዳን ተሰልፎ አገኘሁ። ጄሶ ደግሞ ጉንዳን አይስብም። በጥፍሬ ብጭረው ሊጥ ነው።

እማዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

"እማዬ፣ ይሄን ማን ለጠፈው?"

"ምኑን?"

"ጉንዳን የሚበላውን።"

"ቢበላስ ምናለበት? ፍጥረት አይደል?"

በጥፍሬ የያዝኩትን ሊጥ አሳየኋት።

"ጄሶህ ሲሰነጠቅ በዱቄት እደፍነዋለሁ" አለች በመጨረሻ። "ስንጥቅ አገኘን ብላችሁ ልታስወጡኝ አይደል? ወንድምህ አንድ ሰውዬ ይዞ መጥቶ ግቢውን ሲያዞረው ነበር። ማነው ብለው፣ 'ተራ ሰው ነው፣ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም' አለኝ። ግድግዳውስ ብለው፣ 'ኢምንት ናት' አለኝ።"

"ታዲያ ኢምንት ናት ካለሽ ምን አስፈራሽ?"

"አባታችሁ የታመመ ጊዜስ ምን ነበር ያላችሁኝ? 'ኢምንት ነገር ነው፣ ነገ ይመለሳል።' ሐኪም ቤት እንደወጣ ቀረ። እዚህ ቤት ኢምንት ከተባለ አንድ ሰው ሊወጣ ነው።"

ቃሉ ትንሽ ማለት ነው ብዬ ለእሷ ማስረዳት አልቻልኩም። ሊጡን ፍቄ ሳነሳው ስንጥቋ ጣቴን አስገባች።

ሌላ ክፍል እንቀይርሽ ብላት ወይ ፍንክች። ክፍሏን ለልብስ ስፌት መኪናዬ የፈለግኩት መስሏታል። "ታላቅህ መጥቶ እውነቱን ይንገረኝ፣ ያኔ አስብበታለሁ" ብላለች።

ስለዚህ ንገራት። ያ ሰውዬ ማን ነበር? ቤት ገዥ ከሆነ፣ ገዥ ነው በላት፤ እኔም ልስማው። ግድግዳውን ሊያይ የመጣ ባለሙያ ከሆነም ያለህን ሳትሸራርፍ ንገራት። ያን ቀን እጅህ ምን እንዳገኘ አንተ ታውቃለህ። በስልክ ግን አይሆንም፤ መጥተህ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጠህ ነው።

እስክትመጣ ፍራሼን በአልጋዋና በግድግዳው መሀል አንጥፌያለሁ። "ቢወድቅ አንተ ልትይዘው ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። አልይዘውም። ግን እኔን ሳያገኝ እሷ ጋ አይደርስም።

ታናሽህ